ዮአብ የሸጠው ቡልጋሪያ

ልደት ዮአብን ያወቀችው ካዛንቺስ፣ ከዑራኤል ወረድ ብሎ በነበረ ኢንተርኔት ቤት ነው። ኦሎምፒያ ካለው መሥሪያ ቤቷ በምሳ ሰዓት ወጥታ የእህቷን የትምህርት ማስረጃ ስካን ልታስደርግ ገባች። ጥግ ላይ አንድ ቀጭን ሰው ኮምፒውተር ላይ ዘንዶ እየወጋ ነበር። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሰው በሥራ ቀን ጌም ሲጫወት ማየቷ ገረማት።

"ሥራ የለህም?" አለችው።

"ይኸው ሥራ ላይ ነኝ" አላት፣ ዓይኑን ሳያነሳ።

በኋላ አስረዳት። ብርቅ የሆነ ሰይፍ ወይም ጋሻ ለማግኘት ሳምንታት ይፈጃል፤ ጊዜ የሌለው የውጭ ሰው ደግሞ በእውነተኛ ዶላር ይገዛዋል። የጌሙ ባለቤቶች ይህን አይፈቅዱም፤ ከደረሱበት አካውንቱን ይዘጋሉ።

"ታዲያ አትፈራም?"

"እፈራለሁ። ግን በቃ፣ እንጀራ ነው።"

ጌሙ ውስጥ የሚያጫውተውን ተዋጊ፣ ካራክተሩን፣ ባደገበት የአዲስ አበባ ሰፈር ስም "ቡልጋሪያ" ብሎታል። ፈረንጆቹ የአገሩ ተወላጅ እየመሰላቸው በማይገባው ቋንቋ ሰላምታ ይጽፉለት ነበር።

ልደትም በራሷ ስም ካራክተር ከፍታ ጌሙን ተማረች። ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ከሰዓት ጎን ለጎን ተቀምጠው ተጫወቱ። እሱ ይዋጋል፣ እሷ ቁስሉን ታክማለች። የተገኘውን እሱ ይሸጣል። ሲጨርሱ ማኪያቶ እየጠጡ ስለ ዘንዶና ስለ ጋሻ ያወራሉ። ሌላ ነገር አንዳቸውም አላነሱም። ልደት ቤቷ ስትገባ እስከ ቀጣዩ ቅዳሜ የቀሩትን ቀናት ትቆጥር ነበር።

ከዚያ ሁለቱም ሰፈሮች ለመልሶ ማልማት ፈረሱ። ኢንተርኔት ቤቱም፣ ዮአብ ከእናቱ ከእትዬ ፀሐይቱ ጋር የሚኖርበት የቀበሌ ቤትም በአንድ ወር ውስጥ ሄዱ። እናትና ልጅ ከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው፤ አራተኛ ፎቅ። እትዬ ፀሐይቱ ደረጃውን ሳይለምዱት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ኦፕሬሽን ያስፈልጋል ተባለ።

ዮአብ ደወለላት። "ልደት፣ ቡልጋሪያን ሸጥኩት።"

"ሰይፉን ነው?"

"ሁሉንም። ካራክተሩን ራሱን፣ ከነዕቃው።"

እሷ ልትለው የፈለገችው ሌላ ነበር። ከአፏ የወጣው ግን "እግዜር ይማራቸው" ብቻ ሆነ።

ስልኩ እየሳሳ ሄደ። በዓል ሲሆን ብቻ ይደዋወላሉ። ልደት ግን ቅዳሜ ከሰዓት ቤቷ ላፕቶፕ ከፍታ ብቻዋን መግባቷን አልተወችም።

ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ጌሙ ውስጥ ካለው ገበያ አጠገብ፣ ድልድይ ላይ "ቡልጋሪያ" ቆሞ አየችው። መሸጡን እያወቀች ካራክተሯን ወደ እሱ አስሮጠች።

"ዮአብ?" ብላ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፈች።

"ዮአብ ማን ነው?" የሚል መልስ በእንግሊዝኛ መጣ።

ገዢው እውነተኛው ቡልጋሪያ፣ አገሩ ውስጥ የሚኖር የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ካራክተሩን የመረጠው ለስሙ ብሎ ነው። ይቅርታ ጠይቃው ልትወጣ ስትል አስቆማት።

"ስምሽን አውቀዋለሁ" አላት። "የካራክተሩ ዕቃ ማስቀመጫ ሣጥን ውስጥ ሠላሳ ስምንት ነጭ አበባ አለ። ሁሉም ላይ 'ከልደት' ይላል። ልጥላቸው አስቤ ሆዴ እምቢ አለኝ።"

ጨዋታ ሲያልቅ አልፎ አልፎ ለቀልድ ብላ ለዮአብ የምትሰጠው አበባ ነበር። ርካሽ ይሁን እንጂ ይሸጣል። ዮአብ ደግሞ የሚሸጥ ነገር ሳይሸጥ አያድርም።

"ልላክልሽ?" አላት ሰውየው።

ልደት መለሰች። "የእሱ ናቸው። አንተ ጋ ይቆዩ።"

በማግስቱ እሑድ ከመስቀል አደባባይ ወደ ኮንዶሚኒየሙ አውቶቡስ ያዘች። እትዬ ፀሐይቱ ከምርኩዛቸው ጋር በር ላይ ተቀበሏት። "ምነው ልጄ፣ እንዲህ ይጠፋል?" አሏት። ዮአብ ምድር ቤት በከፈተው የሞባይል ጥገና ሱቅ ውስጥ ነበር። ወርዳ ስትገባ አያትና መፍቻውን አስቀምጦ ተነሣ።

"አበቦቹን አገኘኋቸው" አለችው። "ለምን አልሸጥካቸውም?"

"እነሱን እንዴት ብዬ።"

"ከካራክተሩ ጋር ሄዱ እኮ።"

"አውቃለሁ። ላወጣቸው ሣጥኑን ከፍቼ ነበር። ማለቴ... እነሱን ማውጣት ብጀምር ሌላውንም አልሸጠውም ነበር። እማዬ ደግሞ ሆስፒታል ተኝታ ነበር።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"አንቺስ?" አላት በቀስታ።

ልደት ከጎኑ ያለውን በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

አመሻሽ ላይ ሊሸኛት እስከ አውቶቡሱ ሰልፍ ድረስ መጣ። ተራዋ ሲደርስ ከኋላዋ ያለችውን ሴት አሳለፈች። ቀጥሎ የመጣውንም አውቶቡስ እንዲሁ።

"ቅዳሜ ሱቁ ሰው ይበዛበታል" አለ ዮአብ። "እሑድ ግን እማዬን ከቤተ ክርስቲያን ከመለስኩ በኋላ ነጻ ነኝ።"

"ከዚያ በኋላ እመጣለሁ" አለችው።

አሁን በየሁለት ሳምንቱ ትሄዳለች። መንገዱ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። ዮአብ ሥራ ሲበዛበት ሳይገናኙ የሚያልፍ እሑድም አለ፤ ያን ቀን ልደት ስልኳን ይዛ በረንዳ ላይ ትቀመጣለች፣ ቀኑም አልመሽ ይላታል።