ለኪዳኑ የተገዛው የአውሮፕላን መሪ

ኪዳኑ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቱን በስልኩ አየና ስልኩን አልጋው ላይ ወርውሮ ወጣ። እኔ እናቱ ያየሁት የወደቀ ተማሪ አልነበረም፤ በረሃ ላይ የቀረ አንድ እግር ጫማ ነበር። ስልክ በጠራ ቁጥር መርዶ የሚመስለኝ ሴት ነኝ። በዚያ ላይ ከሰፈራችን ልጆች ገሚሱ ሄደዋል። በወልዲያ አውቶቡስ ከሰቆጣ ይወጣሉ፣ በአፋር በኩል እስከ ጅቡቲ ዳርቻ፣ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን በእግር ወደ ሳዑዲ። የደረሰ ፎቶ ይልካል። ያልደረሰ ዝም ይላል። የጎረቤቴ የእማዋይሽ ልጅ ካሤ ዝም ካለ ሁለት ክረምት አልፏል።

ስለዚህ ኪዳኑን ይዤው ወደ እማዋይሽ ቤት ሄድኩ። ምስር ትለቅም ነበር።

«እስኪ እማዋይሽ፣ ካሤ የሄደ ዕለት ምን እንዳለሽ ንገሪው» አልኳት።

ቀና አለች። «ይኼን ልትጠይቂኝ ነው የመጣሽው?»

«ልጁ ይስማው ብዬ ነው።»

«ደርሼ እደውልልሻለሁ አለኝ።» ወደ ምስሯ ተመለሰች። «ይኸው ነው። ካልፈራልሽ ነገ ደግመሽ አምጪው፤ አለቅስለታለሁ።»

በራችን ላይ ስንደርስ ኪዳኑ «ሌላ የምታስጎበኚኝ ሟች አለ ወይስ ጨረስን?» አለኝ።

«ታዲያ ምን ላድርግ? ምን ብሰጥህ ነው የምትቀረው?»

አባቱ ከሞተ ወዲህ ልጄን ቤት የሚያስቀምጠው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ለሰው ፊልም የሚጭንበት ኮምፒውተር አለው፤ በሱ ላይ አውሮፕላን ያበራል። ጨዋታ ነው፤ ምድሩ ግን የእውነት ምድር ነው፣ ከሳተላይት የተነሣ። የኛ ሰቆጣ እንኳ ከላይ ስትታይ ቆርቆሮዋ ያብረቀርቃል። አብራሪ መሆን ይመኝ ነበር፤ ውጤቱ ያን በር ዘጋበት።

«መሪ ግዢልኝ» አለ። «እንደ ፓይለት በሁለት እጅ የሚያዝ። ኪቦርድ እየጠቀጠቁ መብረር ሰልችቶኛል።»

«ከገዛሁልህ አትሄድም?»

ሳቀ። «እሱ እስከሠራ ድረስ አልሄድም። የተሰበረ ቀን ግን እንዳትለምኚኝ።»

«ማልልኝ።»

«የአባቴ አጥንት ይውጋኝ።»

አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ የሻምበል ከነጋዴዎች የሁለት መሪ ፎቶ በቴሌግራም ላከልን። ሁለቱም ጠረጴዛ ዳር ላይ የሚታሰሩ ናቸው፤ ወደ ግራና ቀኝ ሲያዞሯቸው አውሮፕላኑ ያዘነብላል፣ ወደ ራስ ሲስቧቸው አፍንጫው ቀና ይላል። ኪዳኑ የመጀመሪያውን ወደደ። እንደ እውነተኛው ግማሽ ዙር ይዞራል፣ አያያዙም ለእጅ ይመቻል አለ። መሪው የሚሳብበት ዘንግ ግን ፕላስቲክ ነው። ሁለተኛው ጥቂት ዞሮ ይቆማል፣ ያገለገለም ነው፤ ዘንጉም ማሰሪያውም ግን ብረት ነው።

«የሻምበል፣ ቶሎ የማይሰበረው የትኛው ነው?» ብዬ ደወልኩለት።

«አንቺ ሴት፣ የምትገዢው የጨዋታ ዕቃ ነው ወይስ ወፍጮ?»

«ብረቱን ላክ።»

ዕቃው በአውቶቡስ ደረሰ። ኪዳኑ ከካርቶኑ አውጥቶ ግራ ቀኝ አዞረውና ፊቱ ጠቆረ። «ይኼ እኮ አይዞርም።»

«አይሰበርም።»

«እስር ቤትም አይሰበርም» አለና ጠረጴዛው ላይ አሰረው።

ከዚያ ወዲህ መሪው የኔ በሽተኛ ሆነ። ሱቄን ከፍቼ ተቀምጬ እንኳ ሐሳቤ እሱ ላይ ነው። መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ ያቃጥለዋል እላለሁ፤ አይጥ ሽቦውን ይበላዋል እላለሁ። የሰቆጣ አቧራ ደግሞ የማይገባበት ቀዳዳ የለም። ከወር በኋላ ዘንጉ ሲሳብ ሲጥ ማለት ጀመረ። እኔም የማውቀውን አደረግሁ፤ ኪዳኑ በሌለበት ዘንጉን ቅቤ ቀባሁት። በማግሥቱ አቧራው ከቅቤው ጋር ተቦክቶ ጭቃ ሆነ። ኪዳኑ ሊያርፍ ሲል መሪውን ሳበው፤ አልመጣም። አውሮፕላኑ ተራራ ላይ ተከሰከሰ።

ኪዳኑ አልተቆጣም። ተነሥቶ ቦርሳውን ከአልጋ ሥር አወጣና ሸሚዞቹን አንድ በአንድ እያጠፈ ያስገባ ጀመር። ያጥፋል፣ ያየኛል፤ ያጥፋል፣ ያየኛል። እኔ ተንበርክኬ ዘንጉን በጥጥና በአልኮል እየጠረግሁ ለየሻምበል ደወልኩ።

«ቅቤ?» አለ የሻምበል። «ፀጉሩ ነው እንዴ? ጥረጊው፣ አድርቂው፣ ከዚያ ፕላስቲክ የማይበላ ነጭ ግራሶ እልክልሻለሁ። በጣት ጫፍ ብቻ። ሲጨርስም ልብስ አልብሺው።»

መሪው ሲላላ ኪዳኑ ሸሚዞቹን አውጥቶ ፊቴ ላይ ወረወራቸው። «በይ መልሰሽ ስቀያቸው።»

ምንይሉ የሚባል ጓደኛ አለው። ወንድሙ ሳዑዲ ስላለ ጠልቼዋለሁ፤ ግን ውጭ ይዞብኝ ከሚሄድ እዚሁ ከዓይኔ ሥር ይቀመጥ ብዬ ዝም አልኩ። በር ላይ ሲደርስ «ካፒቴን!» ብሎ ይጮኻል። «ሒሳብ ወድቆ አውሮፕላን የሚያነሣ ካንተ ሌላ አላየሁም!» ከዚያ ጎኑ ይቀመጣል። እኔ ስገባ ኪዳኑ መሪውን ሆን ብሎ በኃይል ይስበዋል። ቀጭ ይላል። እኔ እደነግጣለሁ።

«እማ፣ ሰማሽ? የወልዲያው መኪና ጥሩንባ ነፋ።»

ምንይሉ በሳቅ ይወድቃል። «የኪዳኑ እናት፣ ይቀመጡ እንጂ! ቀለምዎ ሄደ እኮ!»

አንድ ቀን ቀጭ ብሎ አልቀረም። መሪውን ወደ መሃል የሚመልሰው ውስጠኛው ላስቲክ ተበጠሰና መሪው እንደ ሞተ ሰው አንገት ወደ ጎን ወደቀ። ኪዳኑ እጁን አነሣና «ተሰበረ» አለ። እኔ መሪውን ፈትቼ በነጠላዬ ጠቅልዬ ወደ ባጃጅ ጠጋኙ ሮጥኩ። ከአሮጌ ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ቀጭን ቆርጦ አሰረልኝ። ይዤው ስገባ ምንይሉ «ታቦት መጣ፣ ተነሥ!» ብሎ አሾፈ። ኪዳኑ አስሮ ዳር እስከ ዳር አዞረው፣ ኮምፒውተሩ መሃሉ የት እንደሆነ እንዲያውቅ ነው፤ ከዚያ አየኝ።

«ሠራ» አለ። ደስ ያለው አይመስልም ነበር።

ከዚያ በኋላ ግን ሰው ሆነ። ምንይሉም ማሾፉን ተወ። ሁለቱ አንገታቸውን አቀርቅረው ከጧት እስከ ማታ ይበራሉ። ሁልጊዜ ከሰቆጣ ተነሥተው ወደ ምሥራቅ ነው፤ ሁልጊዜ ዝቅ ብለው።

«ምነው እንዲህ ዝቅ አልክ? ትጋጫለህ እኮ» አልኩት።

«ከፍ ካልኩ መንገዱ አይታየኝም።»

«የምን መንገድ?»

«ፓይለት ሲፈተን በመሬት ምልክት እየተመራ ነው የሚበረው። ልምምድ ነው፣ እማ።»

ፈተና የሚለውን ስሰማ ልቤ ሞቀ። ዳግመኛ ሊፈተን ነው ብዬ ዳቦ ቆርሼ አመጣሁላቸው። ከአውሮፕላኑ ሥር ተራራው አለቀና ምድሩ እንደ ተላጠ ራስ ነጣ። ምንይሉ በጣቱ የኮምፒውተሩን መስኮት ነካ። «ይቺን ጥቁር ድንጋይ ያለፍክ እንደሆነ ውሃ አለ። ወንድሜ ነው ያለኝ» አለ። ወንድሙም ጨዋታውን ይጫወታል ማለት ነው ብዬ አለፍኩት። ከዚያ ባሕር መጣ። ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም።

«እስኪ በሱ ላይ አሳልፈኝ» አልኩት።

ኪዳኑ ዞር ብሎ አየኝ። «ሙሉውን ልትሻገሪ?»

«ሙሉውን።»

አሻገረኝ። መሪው አንዴም አልጮኸም። ዘንጉን ማለዳ እኔው ነበርኩ የቀባሁት።

በገበያ ቀን ሱቅ ውዬ ስመለስ ቤቱ ጭር ብሏል። በቀጥታ የሄድኩት ወደ መሪው ነው። ልብሱን ለብሷል። ገልጬ ወደ ግራ አዞርኩት፣ ወደ ቀኝ አዞርኩት፣ ሳብኩት፤ ሲለቁት መሃሉ ላይ መጥቶ ቆመ። ዘንጉ ተጠርጎ አዲስ ግራሶ ተቀብቷል። ደህና ነው። ስለዚህ እራት ሠራሁ፣ ለሁለት ሰው።

ጧት የምንይሉ እናት እየጮኸች መጣች። ያኔም ቢሆን «የኔ አልሄደም፣ መሪው ይሠራል» አልኳት። እንደ ዕብድ አየችኝና ትታኝ ሮጠች። ከአልጋው ሥር ጎንበስ ስል ቦርሳው የለም። ኮምፒውተሩን ከፈትኩት። አውሮፕላኑ ትናንት ካቆሙት ቦታ ላይ ነበር፤ ከባሕሩ ማዶ፣ አሸዋ ላይ።

የኪዳኑ ስልክ አይሠራም። አንድ ወር ሄደ፣ ሌላውም ተከተለ። ከምንይሉም ድምፅ የለም። ሥራ ፈትቼ ተቀምጬ አውሮፕላን ማብረር ተማርኩ። ሌላ ምን አለኝ? ማስነሣትና ማሳረፍ አልችልም፤ አየር ላይ ሆኖ ወደ ምሥራቅ መሄድ ግን እችላለሁ።

በዚህ መሃል እማዋይሽ መጣች። ስለ ልጇ ልጠይቃት ከሄድኩበት ቀን ወዲህ ቤቴን ረግጣ አታውቅም። በሩ ላይ ቆማ ክፍሉን ተመለከተች።

«ልጅሽን ያሰርሽበት ዕቃ ይኼ ነው?»

«እሱ ነው።»

ወንበር ስባ ጎኔ ተቀመጠች። «አንቺ የኔን አሳየሽው። እኔም ያንቺን ልይ። ክፈቺው።»

ከፈትኩላት። ከሰቆጣ በላይ አየር ላይ ጀመርን፣ ተራራው አለፈ፣ ነጩ ምድር መጣ። ዳርቻው ጋ ስንደርስ ወደ መስኮቱ ተጠጋች።

«ባሕሩ ይኼ ነው?»

«ይኼ ነው።»

«ዝቅ በይ።»

መሪውን ገፋሁት። ውሃው ወደ ላይ መጣ።

«ጀልባ አይታየኝም» አለች።

«አልተሠራበትም። መሬቱና ውሃው ብቻ ነው።»

«ሰውም?»

«ሰውም የለበትም።»

«ዝቅ በይ አልኩሽ።»

ገፋሁት። ሰማያዊው መስኮቱን ሞላው፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ቆመ፤ ተከስክሰዋል የሚለው ጽሑፍ ብቻ ቀረ። መሪውን ለቀቅሁት። ቀስ ብሎ መሃሉ ላይ ተመለሰ።

እማዋይሽ ተነሥታ ነጠላዋን አጣፋች።

«ሲሄድ ደርሼ እደውልልሻለሁ ብሎሽ ነበር?»

«ምንም አላለኝም።»

«የኔስ ብሎኝ ነበር» አለችና ወጣች።