ማራገቢያው እስኪቆም

ሙሽሪት ትኩሶቹን ትሪዎች በረንዳ ላይ ደርድራ ወደ ኩሽና ስትመለስ ያ ሽታ እንደገና አፍንጫዋን መታው። የኬክ ሽታ አይደለም። የቫኒላውን መዓዛ ሰንጥቆ የሚመጣ፣ የጋለ ላስቲክ የሚመስል ነገር ነው። በሩ ላይ ቆማ አሸተተች። ኩሽናው ጸጥ ብሏል፤ ኦቭኑም ዝም ብሏል። "አፍንጫዬ ነው" ብላ ራሷን አታለለች። ሰሞኑን በዚህ ነገር ራሷን ማታለል ለምዳለች።

እውነተኛ ስሟ ሙሽሪት አይደለም። በሠርጓ ማግስት አማቷ እንደዚያ ጠሯት፤ የሕንፃው ሰው ሁሉ ከእሳቸው አፍ ወሰደውና ልጅ ወልዳም ስሙ ሳይለቃት ቀረ። ባሏ የረጅም መንገድ ሹፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቤቱ ውስጥ ያሉት እሷ፣ አማቷና ሦስት ዓመቷን የያዘችው ልጇ ናቸው።

ባለ ማራገቢያውን ኦቭን የገዛላት ባሏ ነው። በድሮው ምድጃ ከታች ያለው ትሪ ሲያር ከላይ ያለው ሊጥ ሆኖ ይቀር ነበር፤ ትሪ ስታቀያይርም ወገቧ ይቆረጥ ነበር። ይኼኛው ግን ትኩሱን አየር እያዞረ ሦስቱንም ትሪ እኩል ያበስላል። እርግጥ መጀመሪያ ሰሞን በለመደችው ሙቀት ጋግራ ኬኩን ከሰል አድርጋዋለች። ማራገቢያ ካለ ሃያ ዲግሪ ቀነስ ማድረግ እንዳለባት የገባት ከዚያ በኋላ ነው። አሁን እጇ ለምዶታል። ምድር ቤት ያለው ካፌ በየቀኑ ከእሷ ይወስዳል፤ ለነገ ጠዋት ደግሞ የመዋዕለ ሕፃናቱን ምረቃ ትንንሽ ኬኮች ይዛለች።

"አደራ፣ ሁሉም አንድ መልክ ይኑረው" ብላታለች ዳይሬክተሯ። "ለአንዱ የጠቆረ፣ ለአንዱ የነጣ ከደረሰው ለቅሶውን የምችለው እኔ ነኝ። ይሄን ካሳመርሽልኝ ከእንግዲህ የልጆቹ ልደት ሁሉ ያንቺ ነው።"

ለዚህ ሥራ ስትል ነበር አፍንጫዋን ያላመነችው።

"እማዬ!" አለች ልጇ ከመኝታ ቤት። "ቢራቢሮዋ ወደቀች!"

ሙሽሪት ገባች። ከልጅቷ አልጋ በላይ ግድግዳው ላይ የለጠፈችላት የወረቀት ቢራቢሮዎች ነበሩ። አንዷ ትራሱ ላይ ወድቃለች፤ የሌሎቹም ክንፋቸው ተጠቅልሎ ከግድግዳው ሊላቀቁ ምንም አልቀራቸው። ክፍሉን ከኩሽናው የሚለየው ስስ የቺፑድ ጣውላ ነው። መዳፏን አስደገፈችበት። እንደ ትኩሳታም ልጅ ግንባር ይፋጃል።

ልጅቷን ብድግ አድርጋ ሳሎን አስቀመጠችና ወደ ቴክኒሻኑ ደወለች። ሰፈሩ "መጣሁ" የሚለው ሰውዬ ነው፤ ሲደወልለት "መጣሁ" ብሎ ዘግቶ በሁለተኛው ቀን ብቅ ስለሚል። ሙሽሪት ስለ ግድግዳው ስትነግረው ግን "መጣሁ" እንኳን ሳይል ዘጋ፣ ወዲያውም በሩን አንኳኳ። እንደዚያ ፈጥኖ መምጣቱ አስፈራት።

አማቷ እንደ ወትሯቸው ኩሽናው በር አጠገብ ዱካቸው ላይ ተቀምጠዋል።

"እኔ ዱሮም ይሄን ዕቃ አላመንኩትም" አሉ። "ምን ዓይነት ነገር ነው፣ ተዘግቶም የሚያጉረመርም!"

"እማማ፣ እስቲ እግርዎን ሰብሰብ ያድርጉልኝ" አለ መጣሁ። ኦቭኑን ከተገጠመበት ሳጥን ስቦ አወጣውና በባትሪ አበራ። ሲገባ ይቀልድ ነበር፤ አሁን ቀልዱ ቀረ።

"ነይ፣ እዪው" አላት።

የሽቦው ላስቲክ ጠቁሮ ተሰነጣጥቋል። በጣቱ ነካ ሲያደርገው እንደ ደረቅ ቅጠል ረገፈ። ከበስተኋላው ያለው ቺፑድ ዙሪያው ቡናማ፣ መሐሉ ደግሞ ጥቁር ሆኗል።

"ከዚህ ወዲያ ምንድን ነው ያለው?"

"የልጄ አልጋ።"

መጣሁ ባትሪውን አጠፋ። "ጋግረሽ ስትጨርሺ፣ ግድግዳው ላይ ባለው ማጥፊያ ነው የምትዘጊው?"

"ኧረ እኔስ ከራሱ ከኦቭኑ ነው የማጠፋው።"

"እንግዲያ ሌላ ሰው አለ። ይሄ ዕቃ ከኋላ ሁለተኛ ማራገቢያ አለው። ኦቭኑን ካጠፋሽው በኋላም ሙቀቱን እያስወጣ ይዞራል፤ ሲበርድለት ራሱ ይቆማል። ግድግዳው ላይ ከዘጉት ግን ማራገቢያው ቀጥ ይላል፣ ሙቀቱም እዚያው ታፍኖ ይቀራል። ይሄ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም፤ በየቀኑ ነው ሲጠበስ የከረመው።"

ሙሽሪት ከበረንዳ በተመለሰች ቁጥር ኩሽናው ውስጥ የሚጠብቃት ጸጥታ ትዝ አላት። ሁልጊዜ ማራገቢያው ራሱ የቆመ ነበር የሚመስላት። ዞር ብላ አማቷን አየች።

አማቷ በወጣትነታቸው ቤት ተቃጥሎባቸዋል። ካልጠፋ ምድጃ የተነሳ እሳት ነው። ያኔ ሕፃን የነበረውን የሙሽሪትን ባል በብርድ ልብስ ጠቅልለው ሮጠው ወጡ፤ ሌላ የወጣ ነገር የለም። ከዚያ ወዲህ የቤቱን ማጥፊያ ሁሉ እየዞሩ ይነካሉ፣ የቴሌቪዥኑን ጀርባ በመዳፋቸው ይዳስሳሉ። "እኔ እያለሁ ይሄ ቤት አይቃጠልም" ማለት ይወዳሉ፤ ያ ኩራታቸው ነው። ልጅቷንም ስትተኛ ይህንኑ ይሏታል።

"ማነው ታዲያ?" አለ መጣሁ።

"እኔ ነኝ" አለች ሙሽሪት። "ለካ አንዳንዴ ሳላውቀው እዘጋዋለሁ።"

አሮጊቷ የቴክኒሻኑን ማብራሪያ ልብ ብለው አልተከታተሉም። "እኔ ነኝ" የምትለዋን የሙሽሪትን ቃል ግን በደንብ ሰሟት።

"አንቺ ልጅ!" አሉ ከዱካቸው ብድግ ብለው። "እሳት ቀልድ መሰለሽ? ሕፃን የተኛችበት ቤት! እኔ ከኋላ ከኋላሽ እየዞርኩ ባላጠፋልሽ ኖሮ ምን ይውጠን ነበር?"

መጣሁ አንዴ እሳቸውን አንዴ ሙሽሪትን አየና መፍቻውን አነሳ። የተበላውን ሽቦ በአዲስ ለወጠ፣ የጠቆረውን ቺፑድ ቆርጦ ጣለ፣ ቦታውን በቆርቆሮ ሸፈነ፤ ከልጅቷ ክፍል በኩል ግድግዳውን እየዳሰሰም እስኪበርድ ጠበቀ። ሲወጣ በሩ ላይ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ነገሩ ገብቶኛል፤ የቤታችሁ ጉዳይ ነው። ግን ያቺ ማጥፊያ እንደገና ያለጊዜዋ ከተነካች የምትደውዪው ለእኔ አይደለም፣ ለእሳት አደጋ ነው።"

ሙሽሪት በረንዳ ወጥታ ለባሏ ደወለችና የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ከስልኩ ወዲያ የመኪናው ሞተር ያጓራል።

"በስመ አብ!" አለ። "ስሚ፣ እናቴን ግን እንዳታስቀይሚያት። እሷ እሳት አስነሳሽ ከተባለች በቁሟ ትሞታለች። እኔ ስመጣ ቀስ አድርጌ እነግራታለሁ።"

"መቼ ነው የምትመጣው?"

"በሚቀጥለው ሳምንት።"

"እኔ የምጋግረው ዛሬ ነው" አለች ሙሽሪት። መስመሩ ተቋረጠ።

የልጅቷን አልጋ ሳሎን አወጣች። የምረቃውን ሊጥ በየወረቀት ኩባያው አፈሰሰች። ሥራውን ልተወው ይሆን ብላ አሰበችና፣ ዛሬ ብትተወው ነገም ከነገ ወዲያም መተው እንዳለባት ገባት። ኬኮቹ ሲወጡ የላይኛው ትሪ ከታችኛው የማይለይ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ወርቃማ ሆነው ነበር። በሌላ ቀን ቢሆን በደስታ ታጨበጭብ ነበር። ኦቭኑን አጠፋች። የውስጡ መብራት ጠፋ፤ ከኋላ ያለው ማራገቢያ ግን እያጉረመረመ መዞሩን ቀጠለ።

ትሪዎቹን አነሳችና ወደ በረንዳው አንድ እርምጃ ሄዳ ቆመች።

ከኋላዋ ዱካው ተንቋቋ። አማቷ ተነስተው፣ ግድግዳውን በአንድ እጃቸው ተደግፈው ወደ ማጥፊያው ተጠጉ።

"ይኸው፣ አሁንም ረሳሽው" አሉ። "ምን ሆነሻል ዛሬ?"

"እማማ፣ አይንኩት!"

"ምን አልሽ?"

ሙሽሪት ትሪዎቹን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ሰባት ዓመት አብረው ሲኖሩ ድምፅዋን ከፍ አድርጋባቸው አታውቅም።

"ቅድም ዋሽቻለሁ። ግድግዳውን ያቃጠለው የእኔ እጅ አይደለም። እርስዎ ነዎት፣ እማማ።"

የአሮጊቷ እጅ ማጥፊያው አጠገብ አየር ላይ ቀረ።

"እኔ? በዚህ ቤት?"

"ይሄ የሚጮኸው ሙቀቱን የሚያስወጣው ነው። ሲዘጉት ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ወደ ግድግዳው ይዞራል።"

"እኔ እኮ በየቀኑ ነው የማጠፋው።"

"አውቃለሁ።"

"ልጅቷ ተኝታም?"

"አዎ፣ ተኝታም።" ሙሽሪት የሚያጽናና ነገር ልትጨምር ፈለገች፤ ከአፏ መለሰችው። ቃሉን ብታለሳልሰው ነገ ያ እጅ ተመልሶ እንደሚዘረጋ ታውቃለች።

አማቷ እጃቸውን አወረዱ። እንደ ሌላ ሰው እጅ ገልብጠው አዩት። ዱካቸው ቅርብ ነበር፤ አልተቀመጡም። ሳሎን ውስጥ ልጅቷ ለቢራቢሮዋ አንድ ነገር ታወራለች። ማራገቢያው ይዞራል። ሁለቱም ሴቶች ዓይናቸውን ከኦቭኑ ሳይነቅሉ ያዳምጣሉ። ኬኮቹ ትሪው ላይ በቆዩ ቁጥር ከታች በኩል እያላቡ መሄዳቸውን ሙሽሪት ታውቃለች፤ ቢሆንም ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

በመጨረሻ ማጉረምረሙ እየደከመ፣ እየደከመ ሄዶ ቆመ።

"አሁን ያጥፉት" አለች።

"አንቺ አጥፊው" አሉ አሮጊቷ። "እኔ ሁለተኛ አልነካውም።"

ሙሽሪት ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። ትሪዎቹን ትታ ከአማቷ ጎን ቆመች፤ እጃቸውን ወደ ማጥፊያው እስኪዘረጉም ጠበቀች።