አርባ አንደኛው ዱቄት

ሦስት ሳምንት ሙሉ የቤተ ሙከራ ረዳቷ ቬርና ስለ ኬሚስቱ ሚስተር ሊንድግሬን ዱቄት መዝገቡ ላይ የጻፈችው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ "ጨለማ።"

ሽማግሌው ዱቄቱን አርባ አንድ ጊዜ ቀምሞታል። መጀመሪያ ብርሃን ይጠግባል፤ ከዚያ ኢንፍራሬድ የሚሉት ዓይን የማያየው ጨረር ሲያርፍበት የጠጣውን መልሶ አረንጓዴ ያበራል ተብሎ ነው። ካበራ፣ ጦር ግንባር ያሉት ልጆች ጠላት በጨለማ የሚረጨውን ጨረር ያዩበታል። ካላበራ ግን ዓርብ ቤተ ሙከራው ይዘጋል፤ ሊንድግሬንም በሰባ ዓመቱ ባዶ እጁን በሮቸስተር ከተማ በረዶ ላይ እያዘገመ ቤቱ ይገባል።

ሐሙስ ጠዋት ቬርና ዓይኗን ጨለማ ለማስለመድ መለኪያው ክፍል ውስጥ ግማሽ ሰዓት ተቀመጠች። ከዚያ እንደ ወትሮዋ መዝገቡን ልታይ ትንሿን ቀይ አምፖል ስታበራ፣ ዱቄቱ ያለበት ሳህን ለቅጽበት አረንጓዴ ብልጭ ብሎ ሲጠፋ በዓይኗ ጫፍ አየች። ያኔ ነገሩ ገባት። ቀይ መብራት ድሮ የሠራችበት ፊልም ማጠቢያ ቤት ልማድ ነው፤ እዚያ ፊልም አይጎዳም። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ! ቀይ አምፖል እኮ ኢንፍራሬድ ሞልቶታል። በየቀኑ ሳትለካው በፊት ዱቄቱን የጠጣውን ብርሃን አስተፍታዋለች።

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። ሄዳ ነገረችው።

"ሦስት ሳምንት ሙሉ?" አለ ሊንድግሬን።

"ሦስት ሳምንት።"

"እኔ እኮ ራሴን ስረግም ከረምኩ፣ አንቺ ሴትዮ!" ጠረጴዛውን መታ። ከዚያም፣ "በይ ተነሺ፣ እንግባ" አላት።

ዱቄቱን እንደገና ብርሃን አጠገቡትና ያለ አምፖል ግማሽ ሰዓት ጨለማ ውስጥ ተቀመጡ። ከዚያ ሊንድግሬን ጨረሩን ከፈተ።

"አየሽ?"

"አየሁ! ደብዛዛ ነው እንጂ አረንጓዴ ነው።"

እሱ ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል፤ ምንም አላየም።

"ልጄ፣ አዝነሽልኝ እንዳይሆን።"

"ኧረ በፈጣሪ!"

"የሚያጽናናኝ ሞልቷል። የቸገረኝ የሚያይልኝ ነው።"

እንዴትስ ይመናት? ሦስት ሳምንት የተሳሳተ ቃል ሲጻፍ የኖረው በእሷ እጅ ነው። ሽማግሌው ሊፈትናት ድምፅ ሳያሰማ በእጁ ጨረሩን ጋረደ።

"ጠፋ" አለች ቬርና። እጁን አነሳ። "መጣ።"

ሊያታልላት እጅጌውን ብቻ አንኮሻኮሸ። "አሁንስ?"

"አሁንም አለ። አልጋረዱትም።"

ሊንድግሬን አመናት። ካመነ በኋላም ጨረሩን በእጁ ሲጋርድና እጁን ሲያነሳ ቆየ፤ ዓይኑ የነፈገውን ብርሃን ከእሷ አፍ ሲሰማ አልጠግብ ብሎ።