ከተልባው አራት ሰዓት በፊት

በአሜሪካዋ ሲልቨር ስፕሪንግ የኃይለልዑልን በር የሚያንኳኳ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ከቤታቸው ሥር ያለውን ቤዝመንት ያከራዩት እትዬ አሰፋሽ። ጠዋት ጠዋት ጉልበታቸውን እያሹ አሥራ ሦስቱን ደረጃ ይወርዱና፣ ቆልተው ፈጭተው በማር የበጠበጡትን ተልባ በብርጭቆ ይዘው ይቆማሉ።

«ጠጣ እስኪ፣ አንጀትህን ያርሰው። እንዲህ ገርጥተህ እናትህ ብታይህ ምን ትለኛለች?»

እስኪጨርስ ድረስ ያደሩበትን ሕልም ይነግሩታል። ከዚያ በኋላ እስከ ማግስቱ ጠዋት «ልጄ» የሚለው ሰው አልነበረም።

ድካሙ የጀመረው ዓምና ነው። አሥር ሰዓት ሙሉ ተኝቶ ሲነሳ እንጨት ሲፈልጥ ያደረ ይመስላል። በሐምሌ ጃኬት ይደርባል። የእንግዶችን መኪና እያቆመ ወደሚሠራበት የአሌክሳንድሪያ ሆቴል ሲሄድ ባቡሩ ውስጥ ጭልጥ ይላል፤ መውረጃውን ኪንግ ስትሪትን አልፎ ሀንቲንግተን፣ የመስመሩ መጨረሻ ላይ ይነቃል።

«አልጋህን ይዘህ ና እንጂ!» ይለዋል የሥራ ባልደረባው ቢንያም።

መጀመሪያ ይስቅ ነበር። ኋላ መሳቁም ደከመው። እሑድ እሑድ ኮል የሚያደርጉለት ጓደኞቹም አንድ በአንድ ተዉት።

ክሊኒክ ሄዶ ደሙ ሲታይ፣ አንገቱ ላይ ያለችው የታይሮይድ ዕጢ ሥራዋን አቀዝቅዛ ተገኘች። ደስ አለው። «ለካ ሰነፏ እሷ ናት!» አለ፤ የሚነግረው ግን አልነበረም። በየጠዋቱ የሚውጣት አንዲት ክኒን ታዘዘችለት። ሦስት ወር ዋጠ። ድካሙ ንቅንቅ አላለም፤ የደም ምርመራውም ያው።

«በምንድነው የምትውጣት?» አለችው ነርሷ ሰሊና፣ በአማርኛ።

«በተልባ።»

ብዕሯን ጣል አድርጋ ሳቀች። «ወይ የአገሬ ልጅ! ተልባው እኮ ክኒኗን ሆድህ ውስጥ ጠቅልሎ ይዟት ይሄዳል። ባዶ ሆድህን፣ በውኃ ብቻ! ተልባህን፣ ክኒኗን ከዋጥክ አራት ሰዓት ሲሞላህ ትጠጣለህ።»

ከአራት ሰዓት በኋላ እሱ አሌክሳንድሪያ ነው። ያን ቀን ባቡር ውስጥ እንቅልፍ አልወሰደውም። መዳን ማለት ያቺን የጠዋት ማንኳኳት ማጣት ሆነበት።

በማግስቱ ብርጭቆውን አልተቀበለም። ሁሉንም ሊያስረዳቸው አስቦ ነበር፤ አፉም ደከመውና «ሐኪም ከልክሎኛል» ብቻ አለ።

እትዬ አሰፋሽ ብርጭቆውን አዩት። «እኔማ የጠቀምኩህ መስሎኝ» አሉና ሕልማቸውን ሳይነግሩት ወጡ።

ከዚያ ወዲያ የሚያንኳኳ ጠፋ። ክኒኗን በባዶ ሆዱ፣ በባዶው ክፍል ይውጣል። ሁለት ወር ሲሞላው ጃኬቱን አወለቀ፤ ኪንግ ስትሪት ላይ ነቅቶ መውረድ ጀመረ። የነቃ ጆሮ ደግሞ የማይሰማው የለም፤ ጠዋት ጠዋት ከበላዩ ኮቴ እየተጎተተ ደረጃው አፍ ድረስ ይመጣል፣ ቆም ይላል፣ ይመለሳል።

በዕረፍት ቀኑ ክኒኗን ዋጠና ሰዓቱን እያየ ጠበቀ። አራት ሰዓት ሲሞላ ደረጃውን ወጣ። መሐል ላይ ሳያርፍ ከላይ ደረሰ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን ወደ እሳቸው ወጥቶ እንደማያውቅ የገባው ያኔ ነው። አንኳኳ።

«ሁ ኢዝ ኢት?» አሉ በፍርሃት። ለካ የእሳቸውንም በር ከዕቃ አድራሽ በቀር የሚያንኳኳው የለም።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። ክኒኗን ከዋጥኩ አራት ሰዓት ሆነኝ። የተከለከልኩት ከሷ ጋር መጠጣቱን ነው እንጂ ተልባውን አይደለም።»

ቁልፉ ዞረ።

«አልቆላሁም እኮ» አሉ፣ የበሩን እጀታ እንደያዙ።

«እጠብቃለሁ» አላቸው። «የሁለት ወር ሕልም አለብዎት።»