ከኬላው የቀረው ጀሪካን

ፔጆ 404 ከቮልስ ይበልጣል። ይህን ስጮህ እንደኖርኩ ሱሉልታ ጎረቤቱ ሁሉ ይመሰክራል። የኔዋ ሺህ ስድስት መቶ ሲሲ፣ ሰባ የፈረስ ጉልበት ናት፤ የሚልኬሳ ቮልስ ሺህ ሦስት መቶ ሲሲ፣ ጉልበቷም ከአርባ ብዙ አያልፍም። ሜዳ ላይ አቧራዬን ነው የምትበላው። ሚልኬሳ ግን አብሮ አደጌ ነውና አይሸነፍልኝም። «ነገሳ፣ ዳገት ላይ እንገናኝ» ይላል።

ዳገት ላይ እውነትም ነገሩ ሌላ ነው። የቮልስ ሞተር ከኋላ ሆኖ በነፋስ ነው የሚቀዘቅዘው፤ ውሃ የሚባል ነገር አያውቅም። የኔ ራዲያተር አርጅቷል፤ ወደ እንጦጦ ኬላ ስንወጣ ይፈላል። ስለዚህ ደንብ አበጀን። የኔ ውሃ በጀሪካን ሆኖ በእሱ ቮልስ የፊት ኮፈን ስር ይቀመጣል፤ እሱ ቀድሞኝ ኬላው ላይ ይጠብቀኛል፤ እየሳቀብኝ ይሞላልኛል። እኔ በገዛ መኪናዬ ውሃ ይዤ ብሄድ ሽንፈቴን ያመንኩ ስለሚመስለኝ ይዤ አላውቅም።

በ2008 ታኅሣሥ፣ በአዲስ አበባው ማስተር ፕላን የተነሳ አገሩ ሲናወጥ፣ መንገድ ተከፈተ ተዘጋ በሚባልበት ሰሞን ባለቤቴን ጂቱን ምጥ ያዛት። ጤና ጣቢያው ፅንሱ ተጣሞ መተኛቱን ነግሮን በቶሎ አዲስ አበባ አድርሷት አለ። አምቡላንሱ ወጥቶ አልተመለሰም። ጂቱን የፔጆዬ ሰፊ የኋላ ወንበር ላይ አስተኛኋት። ሚልኬሳ እንደ ወትሮው ሊቀድመኝ ተነሳ።

«ጂቱ እንደ እህቴ ናት። ሳልሞት ከኬላው አልነቃነቅም» አለኝ። አመንኩት። ለምን አላምነውም?

ዳገቱ ግማሽ ላይ የሙቀት መለኪያው ቀዩን ነካ። ሌላ ቀን ቢሆን ቆሜ አቀዘቅዝ ነበር። ያን ቀን ግን ጂቱ ታምጣለች፣ ሚልኬሳም ከላይ አለ ብዬ ነዳጁን ረገጥኩት። ኬላው ስንደርስ ከኮፈኔ እንፋሎት ይትጎለጎላል፤ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል፤ ሰማያዊዋ ቮልስ የለችም። ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አያነሳም። ጂቱ ሚልኬሳ የታለ ስትለኝ ውሃ ሊቀዳ ሄዶ ነው አልኳት። ለእሱ ዋሸሁለት።

ድንጋዩን ከደረደሩት ወጣቶች አንዱ ወደ እኛ መጣ። ፈርቼው ነበር። ወደ ውስጥ ተመልክቶ ጂቱን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ሰማያዊ ቮልስ አይተው እንደሆነ ጠየቅሁት።

«አይተናል፣ ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ። ቆሞ ነበር። ልንዘጋው ነው፣ ካለፍክ እለፍ ስንለው ተፈተለከ። ከኋላዬ ምጥ የያዛት አለች ቢለን ኖሮ እንጠብቃችሁ ነበር።»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር። ጉልበቱ አርባ ብቻ የሆነ ፈረስ ይጥለኛል ብዬ ግን አላሰብኩም።

በቀለች የሚሏት የሰፈሩ ሴት ከቤቷ በባልዲ ውሃ አመጣች። ሞተሩ እስኪበርድ ጂቱ እጄን ጨብጣ ታለቅስ ነበር። ወጣቶቹ ድንጋዩን ገለል አደረጉልን፤ ከታች ያሉትም እንዲያሳልፉን ኮፈኔ ላይ ቅጠል ሰኩልኝ። ሆስፒታል ደርሰን ጂቱ በኦፕራሲዮን ሴት ልጅ ወለደች። ሐኪሙ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ብሎ ጀመረና ተወው።

ቤት ከገባን በኋላ ሚልኬሳ ለአራሷ ሙክት ይዞ በቮልሷ መጣ። ደጅ ላይ አቆምኩት።

«ተኩስ ሰማሁ» አለ። «ቮልሷን ያቃጥሉብኛል ብዬ ፈራሁ።»

ስለ መኪናዋ ነው የሚያወራኝ። ጂቱ ከውስጥ ሰማችው፤ ልጇን እንዳቀፈች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ ሄጄ የቮልሷን የፊት ኮፈን ከፈትኩ። ጀሪካኑ እዚያው ነበር፣ እስከ አፉ ሙሉ።

«አሸንፈሃል» አልኩት። «ቮልስ ትበልጣለች። ውሃም ሰውም አያስፈልጋትም።»

ጀሪካኑን ወስጄ ፔጆዬ ውስጥ አስቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ ውሃዬን ራሴ ነው የምይዘው።