የዋስ ዱላ

የአያ ካሳ የወይራ ዱላ ከእጁ ከወጣ የሆነ ሰው ነፍስ በእሱ ዋስትና ላይ አለች ማለት ነው። ይህን ቆቦም፣ ሮቢትም፣ ጎብዬም ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሁለት ወገን ደም ሲቃባና ገዳዩ ዞብል ተራራ ሲገባ፣ አያ ካሳ ወጥቶ አግባብቶ ያመጣዋል። ለሟች ወገን ሲያስረክበውም ዱላውን አብሮ ይሰጣቸዋል። «ዋሱ እኔ ነኝ፤ ዱላዬ እናንተ ቤት ነው» ይላል፤ ሌላ ቃል አይጨምርም። ዱላው ቤታቸው እያለ ያን ሰው የነካ እሳት አይጫርለትም፣ ሲሞትም ሬሳውን የሚያወጣለት አያገኝም። አፍራሹ ካልተገኘ ደግሞ ቅጣቱ በዋሱ ላይ ይወድቃል፤ የሟች እናት በገዛ እጇ ፍም እስክትሰጠው ድረስ ምድጃው ጨልሞ ይቀመጣል። እርቅ ሲወርድ አያ ካሳ ራሱ ሄዶ ዱላውን ይቀበላል። እሱ ሳይሄድ ዱላው ወደ እሱ ከመጣ ግን፣ ሰውየው ሞቷል ማለት ነው። በሠላሳ ዓመት ሽምግልናው ዱላው ዘጠኝ ጊዜ ወጥቷል፤ ዘጠኙንም ጊዜ ራሱ ሄዶ ነው የተቀበለው።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ተሞኘ ትሉኝ ይሆናል። ሰው እኮ የሚሳሳተው በማያውቀው ብቻ አይደለም፤ አጥብቆ በሚያውቀውም ይሳሳታል።

ነገሩ የጀመረው በሰባ ስምንት ክረምት ነው። የሕገ መንግሥት ረቂቅ የሚሏት ትንሽ መጽሐፍ ለየገበሬ ማኅበሩ ታደለች። አያ ካሳ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ሃምሳውን አልፎ፣ እነዚያ የከተማ ልጆች እየሳቁበት ፊደል የቆጠረ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ የሚያነበው አጥቶ የክብሪት ቀፎ ሲያገላብጥ ነው የከረመው። መጽሐፏን ሲያገኝማ ምን ይጠየቃል! እያንዳንዷን መስመር በጣቱ እየተከተለ ሦስት ሳምንት ፈጀባት። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ሰው ያለ ሕግ አይያዝም፤ የተያዘም በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ይቀርባል ትላለች። ደግሞ አነበባት። ከዚያ ተነስቶ ወደ እህቱ ወደ ደመቀች ቤት ሄደ።

ደመቀች አንድ ልጅ ነበራት፤ ጋሹ ይባላል። ጋሹ በግመል ከአፋር በኩል ጨው እያመጣ ቆቦ ገበያ የሚሸጥ፣ ሰው ላይ የማይደርስ ጎልማሳ ነበር። አንድ ቀን ታጣቂዎች መንገድ ላይ አስቁመው ሁለት ግመሎቹን ነዱበት። በሦስተኛው ቀን ግመሎቹን መለሱለት፤ ጥፋቱ እንግዲህ ይኸው ነው። ነጥቀውት ቀርተው ቢሆን ደግ ነበር። ስለ መለሱለት «ለወንበዴ አከራይቷል» ተባለና ይፈለግ ጀመር። እሱም ሸሽቶ ከዞብል ማዶ የአፋር ወዳጆቹ ዘንድ ተሸሸገ። ወንድሟ ያቺን መስመር ሲያነብላት ደመቀች የምትለቅመውን ምስር ትታ «እስቲ ድገምልኝ» አለችው።

ክረምቱ ሳይወጣ ውይይት ተጠራ። ከአውራጃ የመጣ ካድሬ የመንደሩ መሰብሰቢያ ግራር ሥር ቆሞ ግማሹን ቀን አነበበ፤ ግማሽ ሰው አንቀላፋ። ሲጨርስ ሸህ ነጅሙዲን እጃቸውን አወጡ። ከአያ ካሳ ጋር ስንቱን ደም ያደረቁ ሽማግሌ ናቸው።

«ልጄ፣ አንድ ነገር አልገባኝም» አሉ። «እኛ የአገር ደንባችንን፣ ሥሪታችንን፣ ስናወጣ ለሥሪቱ ዋስ እንጠራለን። ያፈረሰው ሀብታም ይሁን ባላባት እሳት እንከለክለዋለን። የዚህ ሕግ ዋሱ ማነው? መንግሥት ራሱ ያፈረሰው እንደሆነስ፣ እሱን እሳት የሚከለክለው ማነው?»

«ዋሱ ሰፊው ሕዝብ ነው» አለ ካድሬው።

«ሰፊው ሕዝብ እኔ ነኛ?»

«አዎ፣ እርስዎም ነዎት።»

«አልሐምዱሊላህ! እኔማ የራሴን እሳት እንኳ ከጎረቤት ነው የምለምን።»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ካድሬው ግን የሸሁን ስም ጠይቆ ሲጽፍ ሳቁ እዚያው ላይ ቆመ። ይህን ጊዜ አያ ካሳ ዱላውን ተመርኩዞ ተነሣ።

«ሸህዬ፣ ነገርዎ እውነት ነው» አለ። «ነገር ግን የእኛ ሥሪት በቃል ነው፤ እኔና አንቱ ስናልፍ አብሮን ይቀበራል። ባለ ጉልበት ሲመጣም ‘እንዲህ አላላችሁም’ ብሎ ይክደናል። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል ነው ያደግን። ዛሬ ባለሥልጣኑ ራሱ፣ ‘ይህን ይህን አላደርግባችሁም’ ብሎ ጽፎ ሲሰጠን እምቢ እንበል? በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።»

ካድሬው አጨበጨበ፤ ሲያጨበጭብ ሁሉም አጨበጨበ። ወደ ቤት ሲመለሱ ሸህ ነጅሙዲን «ካሳ፣ እኔ መጻፉን አልጠላሁም» አሉ። «መጻፉማ ደግ ነው። የጠላሁት ያለ ዋስ መጻፉን ነው።» አያ ካሳ የሽማግሌ ጥርጣሬ ነው ብሎ አለፈው።

በጥር ሰው ሁሉ ተሰልፎ የድምፅ ወረቀቱን ሳጥን ውስጥ ከተተ። በየካቲት የማኅበሩ ሬዲዮ ሕጉ ጸደቀ አለ። ለሌላው ሰው ይህ አንድ ተጨማሪ ሰልፍ ነበር። ለአያ ካሳ ግን አገር በሙሉ ባንድ ቀን እሺ ያለበት ሥሪት ሆኖ ታየው። እንዲህ ያለ ሥሪት አባቱም አያቱም አላዩም። ስንቁን ቋጥሮ ዞብልን ተሻገረ።

ጋሹን ከአንድ የእሾህ አጥር ውስጥ፣ ከስቶ፣ ጺሙ አድጎ አገኘው። አያ ካሳ መጽሐፏን አውጥቶ አነበበለት። ጋሹ ጨርሶ አዳመጠና፣ «አጎቴ፣ ይህ እኮ ወረቀት ነው» አለ።

«ወረቀት አይደለም፤ ሥሪት ነው።»

«ሰዎቹ የዱላህን ነገር ያውቃሉ?»

«ሕጉን ያውቁታል። ራሳቸው ናቸው የጻፉት። የጻፈ ሰው ይክዳል?»

ጋሹ መሬቱን በእንጨት እየጫረ ቆየ። እናቱን ካየ አንድ ዓመት አልፎታል። በመጨረሻ፣ «ዘጠኝ ሰው አምጥተህ አንድ አልሞተብህም። እሺ፣ አስረኛው እኔ ልሁን» አለ። ያቺ ቃል ናት በኋላ አያ ካሳን ስትበላው የኖረች።

ደመቀች ልጇን አቅፋ አለቀሰች፣ አበላችው፣ ጋቢውን አጠበችለት። በማግስቱ ሲወጡ ወንድሟን አጥሩ በር ላይ ያዘችው። «ዱላህን ትሰጣቸዋለህ?» አለች።

«እሰጣቸዋለሁ።»

«እንግዲያስ ሂዱ» አለች፤ ፊቷ በራ።

ቆቦ ውስጥ አንድ የቆርቆሮ በር ያለው ግቢ ነበር፤ ሰው በዚያ በኩል ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የጸጥታ ኃላፊው ከሌላ አገር የመጣ፣ ለስላሳ አነጋገር ያለው ሰው ነው። አያ ካሳ ጋሹን ከፊቱ አቁሞ ዱላውን በሁለት እጁ አቀረበለት።

«ዋሱ እኔ ነኝ፤ ዱላዬ እናንተ ቤት ነው።»

ኃላፊው ዱላውን አየ፣ አያ ካሳን አየ። «ምን ላድርገው አባት?»

«ያስቀምጡልኝ። ልጁ በአርባ ስምንት ሰዓት ዳኛ ፊት ሲቀርብ መጥቼ እወስዳለሁ።»

ኃላፊው ፈገግ ብሎ «ይቀመጥ» አለና ዱላውን ከበሩ ኋላ አስደገፈው። በር ላይ የቆመው ጠባቂ ታሂር ይህን ሁሉ ያያል። ታሂር የእነሱው መንደር ልጅ ነው፤ አያ ካሳ ካመጣቸው ከዘጠኙ አንዱ የታሂር አባት ነበር። አንገቱን ደፋ። አያ ካሳ አንገቱን መድፋቱን አይቶ ከአክብሮት ቆጠረው።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ አያ ካሳ ግቢው በር ላይ ነበር። እስከ እኩለ ቀን አስጠብቀው አስገቡት። መጽሐፏን ገልጦ ያቺን መስመር ጮክ ብሎ አነበበ።

«ማንበብ ይችላሉ! ጎበዝ» አለ ኃላፊው። «ልጁ ምርመራ ላይ ነው። አርባ ስምንት ሰዓቱ የሚቆጠረው ምርመራው ካለቀ በኋላ ነው።»

«መጽሐፏ እንዲያ አትልም፤ ከተያዘ ትላለች። ይኸው።»

«አባት፣ ይህን ሕግ ያወጣነው እኛ ነን። መቼ እንደሚሠራም የምናውቅ እኛው ነን።» መጽሐፏን ከእጁ ወሰዳትና መሳቢያው ውስጥ ከተታት። «የማኅበሩ ንብረት ናት፤ እርስዎ ዘንድ ምን ትሠራለች?»

አያ ካሳ ዓይኑን ወደ በሩ ኋላ ወረወረ። ዱላው እዚያው ነበር። ልቡ ተመለሰ፤ ተመስገን ብሎ ወጣ።

እንዲህ ሲመላለስ ሦስት ሳምንት ሆነው። ስንቅ አይገባም፣ ሰው አይጠየቅም፤ «ነገ ና» ብቻ። መመርኮዝ ለለመደው ወገቡ ያለ ዱላ መሄድ ከበደው፣ የሆርማትን ወንዝ ድንጋይ ሲሻገር ሁለት ጊዜ ወደቀ። ደመቀች በየማምሻው አጥሯ ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች። ፊቱን አታይም፤ እጁን ነው የምታየው። እጁ ባዶ ሲሆን «ተመስገን፣ አለ ማለት ነው» ትልና ወደ ቤቷ ትገባለች። አንድ ቀን እንዲያውም ሳቀችለት። «ያንተ ዱላ እኮ ከመንግሥት በላይ ነው» አለችው።

በአራተኛው ሳምንት፣ ገበያ ቀን፣ አያ ካሳ ከብት ተራው አጠገብ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሳለ ታሂር መጣ። መሣሪያ አልያዘም። በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዟል። ሳይናገር አያ ካሳ ጭን ላይ አኖረው። አያ ካሳ አልፈታውም፤ ሲዳስሰው አወቀው።

«ማነው የላከህ?»

«ማንም አልላከኝም፣ አያ ካሳ። ክፍሉ ሲጠረግ ለማገዶ ሊሰብሩት ሆነ። ‘ባለቤቱ ሞቷል፣ ለማን ይቀመጣል?’ አሉ። የጋሹ መስሏቸው ነው። ሰርቄ አወጣሁት።»

«መቼ ነው የሞተው?»

ታሂር ከንፈሩን ነከሰ። «በአራተኛው ቀን።»

«በአራተኛው ቀን!» አለ አያ ካሳ። ያ ሁሉ ምልልስ፣ ያ ሁሉ የደመቀች ተመስገን፣ ለሞተ ሰው ነበር። «የት ቀበራችሁት?»

«ወላሂ አላውቅም። ጭነው ወሰዱት። አያ ካሳ፣ አባቴን አድነውልኛል፤ እኔ ግን…» አለና እያለቀሰ ወደ ገበያው ገባ።

አያ ካሳ እስኪመሽ እዚያው ቢቀመጥ ደስ ባለው ነበር። በሕግ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች ይላል ሰው፤ ጋሹ ግን ጭብጦም በቅሎም አይደለም፣ የእህቱ አንድ ልጅ ነው። ደግሞም ወንበዴ ወይም ወታደር መንገድ ላይ አግኝቶ አልገደለውም። በገዛ አጎቱ እጅ፣ ጋቢው ታጥቦ ነው የተሰጠው። ከረጢቱን ፈትቶ ጣለና በዱላው ተመርኩዞ ተነሣ። መንገዱ ላይ አልወደቀም።

ደመቀች አጥሯ ላይ ነበረች። እንደ ልማዷ እጁን አየች። አንድ ጊዜ ወደ ሰማይ፣ አንድ ጊዜ ወደ ዱላው ተመለከተች፤ ከዚያ ጩኸቷ መንደሩን አወጣው።

ሬሳ በሌለበት ሦስት ቀን ተለቀሰ። በአራተኛው ቀን ሽማግሌዎች ግራሩ ሥር ተቀመጡ። አያ ካሳ መሐል ቆሞ፣ «ሥሪት ሥሪት ነው» አለ። «ዱላዬ እቤታቸው እያለ ሰው ተነክቷል። አፍራሹ የቆርቆሮ በር ውስጥ ነው፤ እዚያ ገብቶ እሳት የሚከለክል ካለ ይነሣ።» ማንም አልተነሣም። «ስለዚህ የእኔን ከልክሉ። ያ ሕግ ከእኔ ሌላ ዋስ አልነበረውም።» ሸህ ነጅሙዲን ፊታቸውን በኩታቸው ሸፈኑ።

ምድጃው ጨለመ። ቆሎ የሚያቀብለው እንኳ ጠፋ፤ ቀዝቃዛ ዱቄት በውሃ በጥብጦ እየጠጣ ግንቦት ገባ። በመጨረሻ ሸህ ነጅሙዲን አላስቻላቸውም። አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ከራሳቸው ቤት ፍም በገል ይዘው፣ አያ ካሳን አስከትለው ደመቀች በር ላይ ቆሙ።

«እናቴ፣ ሰውየው ሊሞት ነው» አሏት። «የበደለሽ እሱ አይደለም፤ የበደለሽን ታውቂዋለሽ። ይህን ፍም ተቀበይና በእጅሽ ስጪው። በአላህ፣ በማርያም።»

ደመቀች ገሉን ተቀበለች። ወንድሟን ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ ከስቷል፣ ዓይኑ ጎድጉዷል፣ በሁለት እጁ ዱላውን ይዟል። እጇ ወደ እሱ ትንሽ ተዘረጋ። አያ ካሳም ሊቀበል ዱላውን ወደ ብብቱ አስገባ፤ ያን ጊዜ ዓይኗ ዱላው ላይ አረፈ።

ጎንበስ ብላ ፍሙን በሩ ላይ ካለው የውሃ እንስራ ውስጥ ጨመረችው።

«ሕግ አይደል፣ ወንድም ዓለም?» አለችው። «እነሱን ካልነካ፣ እንግዲህ አንተን ይንካ።» በሩንም ዘጋች።