የጎማ ብርድ ልብስ

አስተማሪዋ በሥራ ቀን ከለማጅ ሾፌሮች አጠገብ ተቀምጣ «ቀስ በል፣ ኧረ ቀስ በል» ስትል ትውላለች። እሑድ እሑድ ግን ሞተር ሳይክል ትወዳደራለች። ዘንድሮ በተወዳደረች ቁጥር የወደቀችው እዚያው፣ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ነው። ከኩርባው ዳር የሚቆመው የመጀመሪያ እርዳታ ሠራተኛ ከመልመዱ የተነሳ «ዛሬስ እንዴት ነሽ?» እያለ በሰላምታ ነበር የሚያነሳት።

ባሏ መካኒክ ነው። ሞተሯን የሚያዘጋጀው እሱ ስለሆነ፣ ስትወድቅ ከእሷ ይልቅ የሚያፍረው እሱ ነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ ምክንያቱን እንዳገኘው ተናገረ።

«ጎማው በርዶት ነው» አለ።

«ምን ሆኖ?» አሉ አባቷ። አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ማቀዝቀዣ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት።

«በርዶት ነው፣ አባባ። የውድድር ጎማ ካልሞቀ አስፋልቱን አይዝም፤ ኩርባ ላይ ይንሸራተታል። ሌሎቹ ከመነሳታቸው በፊት በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማሞቂያ ያለብሱታል። ልክ እንደ ብርድ ልብስ ነው።»

አባቷ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ልጄ ስንቴ ስትወድቅ አንድም ሰው ብርድ ልብስ ያለበሳት የለም። ለጎማ ሲሆን ግን ታሰበበት።»

ይህን ይበሉ እንጂ፣ ማሞቂያውን ሊገዙ ሲነሱ ቀድመው መኪና ውስጥ ገብተው የተቀመጡት እሳቸው ነበሩ።

ባለሱቁ ሁለት ዓይነት ማሞቂያ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋላቸው። የአንደኛው ሙቀት ከፋብሪካ ተወስኖ የመጣ ነው፤ ሲሰካ ሰማንያ ዲግሪ ይደርስና እዚያው ላይ ይቆማል። ሌላው ቁልፎችና ቁጥር የሚያሳይ ትንሽ ስክሪን ስላለው ሙቀቱን እንደ ልብ ከፍና ዝቅ ማድረግ ይቻላል።

መካኒኩ ስክሪኑን ሲያይ ፊቱ በራ። «በቃ፣ ይሄ ነው።»

«ተው» አሉ አባቷ። «ስንቱን ማቀዝቀዣ ፈትቻለሁ። መጀመሪያ የሚበላሸው ሁልጊዜ ቁልፉ ነው።»

«አባባ፣ ይሄ እኮ ማቀዝቀዣ አይደለም።»

«ያው ነው። ያኛው ወደ ታች፣ ይሄኛው ወደ ላይ። ሌላ ምን ልዩነት አለው?»

መካኒኩ አማቱን ፊት ለፊት መከራከር ስለማይሆንለት ወደ ባለሱቁ ዞረ። «አንተስ ብትሆን ሁለቱንም ምን አስመጣህ?» አለው። ባለሱቁ ነገሩ በዚያ ቀን እንደማያልቅ ገባው። ሁለቱንም ወስደው ቤታቸው እንዲሞክሩና ያልፈለጉትን እንዲመልሱ ነግሮ በሩን ራሱ ከፈተላቸው።

ቤት ሲደርሱ መሽቶ ነበር። የሳሎኑን ጠረጴዛ ወደ ግድግዳ ገፍተው፣ አንድ አዲስና አንድ አሮጌ የኋላ ጎማ ምንጣፉ ላይ አቆሙ። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ማሞቂያ አልብሰው ሰኩ። ብዙም ሳይቆይ ቤቱ አዲስ ጫማ ቤት፣ አዲስ ጫማ ቤት ሸተተ። መካኒኩ ምንጣፉ ላይ በሆዱ ተኝቶ የስክሪኑን ቁጥር ጮክ ብሎ ያነብባል። አባቷ ደግሞ ከድሮ የሥራ ሣጥናቸው ቴርሞሜትር አውጥተው እሳቸው በመረጡት ባለ አንድ ሙቀት ማሞቂያ ውስጥ ሻጡት።

«ሃምሳ» አሉ።

«የእኔ ስድሳ አምስት ገብቷል።»

ቆይተው እንደገና አዩት። «አሁንም ሃምሳ። አየህ እርጋታውን? እንዳንተ አይቅበጠበጥም።»

«አባባ፣ ቴርሞሜትርዎ እኮ የማቀዝቀዣ ነው። ከሃምሳ በላይ ቁጥር የለውም።»

አባቷ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ቴርሞሜትሩን አገላብጠው አዩት። «ከዚያ በላይ አስፈልጎት አያውቅም» አሉና መልሰው ሻጡት።

ይሄኔ ድርግም ብሎ መብራት ጠፋ።

«መብራቱን የበላው የአንተ ስክሪን ነው» አሉ አባቷ።

«የእርስዎ ነው እንጂ፤ ማጥፊያ እንኳ የለው» አለ መካኒኩ። አማቱን እንዲህ በድፍረት ሲቃወም ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ በጨለማው ፊታቸው አይታየውማ።

አስተማሪዋ ጓዳ ልብስ ስትተኩስ ነበር። ካውያዋን ነቀለች፣ የወረደውን የቆጣሪ ብሬከር ወደ ላይ መለሰች፣ ከዚያም ሳሎን በር ላይ መጥታ ቆመች።

«የምነዳው እኔ ነኝ» አለች። «እኔን ለመጠየቅ ያሰበ አለ?»

የውድድር ጓንቷን አጥልቃ ስክሪን ካለው አጠገብ ተንበረከከች። ማሞቂያው በዘለበት ነው የሚታሰረው። አንዱን ዘለበት ስትስብ ጎማው ተንከባለለ፤ እሷም ሳትለቀው አብራው እስከ ሶፋው ሄደች። ሶፋው ባያቆማቸው ኖሮ በረንዳ ይወጡ ነበር። ተመልሳ ወደ ሌላው መጣች። እሱ እንደ ሕፃናት ጫማ በሚጣበቅ ጨርቅ ነው የሚታሰረው። አንድ ጊዜ ሳብ አደረገችው፤ ቸርርር ብሎ ተላቀቀና እጇ ላይ ቀረ።

«የምንገዛው ይሄን ነው» አለች።

«እንዴ፣ በማሰሪያ ይመረጣል እንዴ?» አለ ባሏ። «ደግሞ የምፈታው እኔ ነኝ፤ አንቺ ምን አገባሽ?»

«ለዚያ ነዋ። በዚያ ሙቀት ጓንት ማድረግህ አይቀርም። ምልክት ተሰጥቶ ሰው ሁሉ ሲጯጯህ ደግሞ እጅህ ይንቀጠቀጣል።»

«የእኔ እጅ አይንቀጠቀጥም።»

«ሠርጋችን ላይ ቀለበቱን ሁለቴ የጣለው ማን ነው?»

መካኒኩ አማቱን አየ። አማቱ ጣሪያውን አዩ።

«እኔም ከመጀመሪያው ያልኩት ይሄንኑ ነበር» አሉና ቴርሞሜትራቸውን በክብር ወደ ሣጥኑ መለሱ። በማግስቱ ስክሪን ያለውን መልሰው በምትኩ ለፊት ጎማ ሌላ የሚጣበቅ ማሞቂያ ሊወስዱ ሲሄዱ መካኒኩ ቶሎ መልቀቅ አቅቶት ባለሱቁ ከእጁ መንጭቆ ነው የወሰደው።

የውድድሩ ቀን ደመናማና ቀዝቃዛ ነበር። ጄኔሬተሩ ይንጎራጎራል፤ አባቷ ከኋላው ጎማ አጠገብ ወንበር ስበው፣ ትኩሳት እንደሚለካ ሰው እጃቸውን ማሞቂያው ላይ አሳርፈዋል። አስተማሪዋ ኮርቻው ላይ ወጣች። ወደ መነሻው መስመር የሚጠራው ምልክት ሲሰጥ መካኒኩ የፊቱን ቸርርር አድርጎ አወለቀ፤ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ግን ማሰሪያው ግድ አልሰጠውም።

«የኋላው ትንሽ ይቆይ» አሉ አባቷ። «ጥግ ጥጉ ገና ነው።»

«አባባ፣ እየጠሩኝ ነው» አለች አስተማሪዋ።

«ይጥሩዋ።»

መካኒኩ «አባባ፣ ይቅርታ» ብሎ ማሞቂያውን ከጎማው መንጭቆ አወለቀው። አባቷም ስላልለቀቁት ከወንበራቸው አብረው ተነሱ። ሞተሯ ተስፈንጥራ ወጣች፤ እሳቸው ማሞቂያውን እንደ ጨቅላ ታቅፈው ቀሩ።

ውድድሩ ሲጀመር አባቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ኩርባው ጋ ደረሰች?»

«አልፋለች።»

«ወድቃ ተነስታ ነው ወይስ ሳትወድቅ?»

«ሳትወድቅ፣ አባባ። ጎማው እንደ ሙጫ ነው የያዘላት።»

አባቷ ዓይናቸውን ገለጡ። መካኒኩ ፊቱን ወደ ጄኔሬተሩ አዙሮ በጓንቱ ጀርባ ዓይኑን ሲጠርግ ነበር። አይተው እንዳላዩ ሆኑ፤ ከዚያ ደግሞ ጀርባውን መታ መታ አደረጉት።

አስተማሪዋ ጨርሳ ስትመለስ የራስ ቁሯን አወለቀችና ከሳቋ የተነሳ መናገር አቃታት። ትንፋሿ ሲመለስ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ከኋላዬ ሰው ነበር።»

«ስንት?» አሉ አባቷ።

«አራት።»

አባቷ ወዲያው ስልካቸውን አውጥተው ለእህታቸው ደወሉ። «ልጄ አራት ሰው ቀደመች» አሉ፤ ከጎን ያለው ድንኳን ድረስ እንዲሰማ አድርገው። እህታቸው ታዲያ ስንተኛ ወጣች ብላ ስትጠይቃቸው፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው ብለው ዘጉት።